በሄሪኬን ወራት ወደ ባሕር ሜዳ ለሚወርድ ወጣት ምክር

ልጄ፣ በመስከረም መግቢያ ዕረፍት ወስደህ ወደ ፍሎሪዳ ኪይስ ልትወርድ፣ እዚያም ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ፍላይ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ እየወረወርህ ዓሣ ልታጠምድ እንደሆነ ሰማሁ። ዘመድ ሁሉ "በሄሪኬን ወራት?" እያለ ሲያስፈራራህ ሰንብቷል። እኔ አትሂድ አልልህም። ጀልባው የሚቀንስበት፣ ማደሪያው የሚረክስበት፣ ዓሣውም በስፍራው ያለበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ለመሄድ የሚበቃው ዕውቀት ለመመለስ አይበቃም። ስለዚህ ዓሣ ስለ መያዝ የምነግርህን ያህል ጥሎ ስለ መውጣትም እነግርሃለሁ።

1. ወቅቱን በእኛም ቀን መቁጠሪያ ቁጠረው።

የአትላንቲክ የሄሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። የወቅቱ ጫፍ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ይውላል፤ ጳጉሜን አልቃ እንቁጣጣሽ ሊብት ሲል። ኢርማ የተባለው ሄሪኬን በ2017 እ.ኤ.አ. ከኪይስ ደሴቶች አንዷን፣ ከጆ ኪን፣ የመታው ልክ በዚሁ በሴፕቴምበር 10 ነበር። አገር ቤት ልጆች የአበባየሆሽ ዜማ ሲለማመዱ ኪይስ ላይ ጣሪያ ይነቀል ነበር።

የኛ ክረምትና የነሱ ሄሪኬን በአንድ ሰሞን መዋላቸው ባዶ አጋጣሚ አይደለም። በክረምት በኢትዮጵያ ከፍታዎችና በምዕራብ ሱዳን ተራሮች ላይ ነጎድጓዳም ደመና ይከመራል። ከዚያ አካባቢ የሚነሣው የአየር ሞገድ ወደ ምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ አፍሪካን አቋርጦ በምዕራቡ ጠረፍ በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። አብዛኛው እዚያው ይበተናል። ጥቂቱ ግን ሞቃት ባሕር ሲያገኝ መሽከርከር ይጀምርና ይጠነክራል። ከታላላቆቹ የአትላንቲክ ሄሪኬኖች የብዙዎቹ ጥንስስ ይህ ነው። እንግዲህ እናትህ ከደብረ ማርቆስ ደውላ ስለ ነጎድጓዱ ስታወራህ የሩቅ አገር ወሬ አድርገህ አትስማው፤ የዚያ ደመና ወገን ከሳምንታት በኋላ አንተ ወዳለህበት ሊመጣ ይችላል።

2. መግቢያህ መውጫህም እንደሆነ አትርሳ።

ኪይስ ከፍሎሪዳ ጫፍ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ የተሰለፉ ደሴቶች ናቸው። እስከ ኪ ዌስት የሚያደርሰው አውራ ጎዳና አንድ ነው፤ በብዙ ቦታ መሄጃው አንድ መስመር፣ መመለሻውም አንድ መስመር ብቻ፣ ከድልድይ ወደ ድልድይ። ከድልድዮቹ አንዱ ብቻውን ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ማዕበል ሊመጣ ሲል የዚያ ሁሉ ደሴት ሕዝብ በዚያ መንገድ ይወጣል።

ኢስላሞራዳ ስትደርስ በመንገዱ ዳር ከድንጋይ የተሠራ መታሰቢያ አለ፤ መኪናህን አቁመህ እየው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1935 በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል ነበር፤ ሄሪኬንም ወደ ደሴቶቹ እየመጣ ነበር። በአካባቢው ካምፕ ውስጥ መንገድ ይሠሩ የነበሩ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ። ሊያወጣቸው ከወደ ማያሚ የተላከው ባቡር ዘግይቶ ተነሣ፤ በመንገድም ዘገየ። ከመሸ በኋላ ኢስላሞራዳ ሲደርስ ባሕሩ ተነሥቶ ፉርጎዎቹን ከሐዲዱ ላይ ጠረጋቸው፤ ቆሞ የቀረው ሎኮሞቲቩ ብቻ ነው። የአየር ግፊቱ እስከ 892 ሚሊባር ወርዶ ነበር፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። የባቡር መሥመሩም እንደገና አልተሠራም፤ ዛሬ የምትነዳበት ጎዳና በብዙ ቦታ በእሱ መሠረት ላይ የተዘረጋ ነው። ያን ባቡር ጉልበት አልጎደለውም፤ የጎደለው ሰዓት ነው።

ዛሬ ኪይስን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ሄሪኬን ሲያሰጋ ከነዋሪው አስቀድመው ጎብኚውን ያስወጣሉ። "ገና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለምን?" ብለህ አትከራከር። የምትለቅቀው መንገድ ልጆቹንና ዕቃውን ጭኖ ለሚወጣው ሰው ነው።

3. የትንበያውን ሥዕል በትክክል አንብብ።

ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሄሪኬን ማዕከል ማዕበል በሚያሰጋበት ጊዜ በቀን አራት ዋና መግለጫ ያወጣል። በፍሎሪዳ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛ አጠራር፣ ሌሊት 11፣ ረፋድ 5፣ ከቀኑ 11 እና ማታ 5 ሰዓት ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ አይጠፋህም።

በካርታው ላይ የምታየው እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ የማዕበሉን ስፋት አያሳይም። የሚያሳየው የማዕበሉ መካከለኛ ነጥብ ሊሄድበት የሚችለውን አካባቢ ነው፤ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ደግሞ ነጥቡ ከሾጣጣው ይወጣል። ነፋሱና ጎርፉ ከመካከሉ ርቆም ይደርሳል። "እኛ ከመስመሩ ውጭ ነን" የሚል ሰው ሥዕሉን አላነበበውም። ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃም የሚለካው ነፋስን ብቻ ነው፤ አንደኛው በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር፣ አምስተኛው ከ252 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። ባሕሩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ግን ደረጃው አይነግርህም።

መጀመሪያ የሚወጣው ማሳሰቢያ ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ከሚባልበት 48 ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው፤ ማስጠንቀቂያው 36 ሰዓት ገደማ ሲቀር ይከተላል። አንተ ሁለቱንም አትጠብቅ። የአምስት ቀኑ ሾጣጣ ኪይስን ከነካ ሻንጣህን ዝጋ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

4. ገንዘብህ እንዳያስርህ።

ሰው አደጋ ላይ የሚቆየው ሁልጊዜ በድፍረት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የከፈለው ገንዘብ ይዞት ነው። ስለዚህ ማደሪያህን የሚመለስ ክፍያ ያለው አድርገህ ያዝ። ጋይዱን፣ ጀልባውን ይዞ የሚመራህን ሰው፣ ማዕበል ቢመጣ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይተላለፋል ብለህ ከመክፈልህ በፊት ጠይቀው። የጉዞ ኢንሹራንስ የምትገዛ ከሆነም ዛሬውኑ ግዛ፤ ማዕበሉ ስም ካገኘ በኋላ የተገዛ ውል እሱን አይሸፍንልህም።

5. ዕቃህ ትንሽ ይሁን፤ ልምምድህ ብዙ።

ከዓሣዎቹ ለቦንፊሽ 8 ቁጥር ዘንግ ይበቃሃል፤ ለፐርሚት 9 ወይም 10፤ ለትልቅ ታርፐን 11 ወይም 12። ዘንጉ ርዝመቱ ዘጠኝ ጫማ ይሁን። ማጠንጠኛው ጨው የማይበላው፣ ጥሩ ፍሬን ያለው፣ ከዋናው ክር በታች ቢያንስ 150 ሜትር ቀጭን ትርፍ ክር የያዘ ይሁን፤ ቦንፊሽ አንዴ ከሮጠ ያን ክር ታየዋለህ። ፍላዩ በመንጠቆ ላይ የታሰረ ላባና ፀጉር ነው፤ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን ወይም ትንሽ ዓሣ መስሎ ይሠራል። ለቦንፊሽ ክሬዚ ቻርሊ አይጥፋ፤ ስሙን ያገኘው በባሃማስ፣ በአንድሮስ ደሴት ከነበረው ጋይድ ከቻርሊ ስሚዝ ነው። ለፐርሚት ሜርኪን የሚባለውን ሸርጣን ያዝ።

በዚህ ማጥመድ ፍላዩ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚወረወረው ክሩ ነው። ነፋስ ደግሞ ክር ይጠላል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ቀን ሣር ላይ መለማመድ አይበቃህም፤ ነፋስ ባለበት ቀን ውጣና ወደ ነፋሱ፣ በነፋሱ፣ ከጎንም ወርውር። ሃያ ሜትር ሳይሳሳት የሚደርስ ሰው ሠላሳ ሜትር አንዳንዴ ከሚደርሰው ይበልጣል።

6. አስቀድመህ ማየት ተማር።

ፍላት የሚሉት ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን የሚደርስ ውኃ የተኛበት የአሸዋና የባሕር ሣር ሜዳ ነው። ዓሣው ከጥልቁ ወጥቶ ሽሪምፕና ሸርጣን ሊለቅም ይመጣበታል። ማጥመዱ ከአደን ይቀርባል፤ መጀመሪያ ታየዋለህ፣ ከዚያ ትወረውርለታለህ። ያለ ፖላራይዝድ መነጽር አትውጣ፤ የመዳብ ወይም የቡና መልክ ያለው መስታወት ለሜዳው ይስማማል። ፀሐይን ከኋላህ አድርግ። ቦንፊሽ የብር መልኩ ውኃውን ስለሚያንጸባርቅ ብዙ ጊዜ ከራሱ በፊት ጥላውን ታያለህ። ራሱን ደፍቶ ሲበላ ደግሞ ጅራቱ ከውኃው በላይ ብቅ ይላል።

ጋይዱ ከኋላ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ እንደ ጣና ታንኳ ነጂ በረጅም ዘንግ ጀልባውን እየገፋ ዓሣውን ቀድሞህ ያያል፤ አቅጣጫውንም በሰዓት ይነግርሃል። የጀልባው አፍንጫ አሥራ ሁለት ነው፤ ናይን ኦክሎክ ግራህ፣ ስሪ ኦክሎክ ቀኝህ ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይሳሳታል፤ በልማዱ ናይንን ሦስት ሰዓት ብሎ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ዓሣውም በግራ ያልፋል። እዚያ ጀልባ ላይ የአገር ቤቱን ሰዓት እርሳው፤ የሰዓቱን ፊት ብቻ አስብ።

7. የባሕሩን መሙላትና መጉደል አጥና፤ ከሥርዓቱ ሲወጣ ደግሞ ሽሽ።

በኪይስ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ በሜዳው ላይ ግን ያ ሁሉን ነገር ይወስናል። ውኃው መሙላት ሲጀምር ዓሣው ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲጎድል በቦዩ በኩል ይመለሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ የዓመቱ ከፍተኛ ሙላት ይመጣል።

ሰንጠረዡ የጨረቃን ሥራ እንጂ የነፋስን አይናገርም። የሩቅ ማዕበል እንኳ ውኃውን ገፍቶ ያመጣል ወይም ይወስዳል። ይጎድላል በተባለበት ሰዓት ውኃው ቆሞ ካየህ፣ ወይም ካሰብኸው በላይ ከሸሸ፣ ሰማዩ ምንም ሰማያዊ ቢሆን ወደ መውጫው ተመለስ። በኢርማ ጊዜ በባሃማስ ሎንግ አይላንድና በታምፓ ቤይ ባሕሩ ከዳርቻው ሸሽቶ መሬቱ ታይቶ ነበር፤ ሰዎችም ፎቶ ሊነሡ ወረዱበት። ነፋስ የወሰደው ውኃ ነፋሱ ሲዞር ይመለሳል፤ ሲመለስም ሰዓቱን አይነግርህም።

8. ማለዳውን ያዝ፤ ከሰዓት በኋላውን ልቀቅ።

በዚህ ወቅት ውኃው ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በጁላይ 2023 በኪ ላርጎ አቅራቢያ በማናቲ ቤይ የተለካው የውኃ ሙቀት 38.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይሸሻል፤ አንተም ሌሊት ተነሥተህ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ላይ ካልተገኘህ ድካምህ ከንቱ ነው። ነፋስ ከበረታ ማንግሮቭ ወደሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ጠለል ግባ፤ ትንንሾቹ ታርፐኖች በዚያ ይኖራሉ። ታርፐን አየር ከላይ መጎንጨት ስለሚችል ኦክስጅን ያነሰው ውኃ አያስጨንቀውም።

ከቀትር በኋላ ደመናው ይቆለላል። ሄሪኬን በዓመት አንዴ ላይመጣ ይችላል፤ መብረቅ ግን በየቀኑ ሊመጣ ይችላል። በእጅህ የያዝኸው ዘንግ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ካርቦን ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይም ከአንተ የሚረዝም ነገር የለም። ነጎድጓድ ከሰማህ ዘንጉን አጋድም፣ ውጣም፤ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማህ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትመለስ።

9. ዓሣው ሲይዝ ዘንግህን አታንሣ፤ ሲደክም አታቆየው።

ቦንፊሹ ፍላዩን ሲጎርስ ክሩን በእጅህ ሳብ እንጂ ዘንጉን ወደ ላይ አታንሣ፤ ካነሣኸው ከአፉ ትነጥቀዋለህ። ሲሮጥ ተወው ይሩጥ። ታርፐን ሲዘልል ዘንጉን ወደ እሱ ዝቅ አድርግ፤ ክሩ ካልላላ ይበጠሳል።

የኛ ሰው "ይዘህ ለቀቅኸው?" ብሎ ይስቅብሃል። ይሳቅ። ቦንፊሽ በፍሎሪዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተይዞ መለቀቅ ያለበት ዓሣ ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረውም በሥጋው ሳይሆን ሊያጠምደው በሚመጣው እንግዳ ነው። ውኃው በሞቀበት ወር ዓሣው ቶሎ ይዝላል፤ ሚዛኑን ሳይመልስ የለቀቅኸውን ሻርክ ይበላዋል። ስለዚህ ቶሎ አቅርበው፣ እጅህን አርጥብ፣ ከውኃ ሳታወጣ መንጠቆውን ንቀል፣ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ደግፈው። በአቅራቢያው ሻርክ ካየህ ቦታ ለውጥ።

በእግርህ የምትሄድ ከሆነ እግርህን ከመሬቱ ሳታነሣ እየጎተትህ ሂድ። በአሸዋ ውስጥ የተቀበረው ስቲንግሬይ የሚባል ዓሣ ጅራቱ መርዛም እሾህ አለው፤ ስትነካው ይሸሻል፤ ስትረግጠው ይወጋሃል። በጀልባ ከሆንህም ሣሩ ላይ ሞተር አታስነሣ፤ የሞተር ስለት የቆረጠው የባሕር ሣር ለመዳን ዓመታት ይፈጅበታል።

10. "ከማዕበሉ በፊት ዓሣው ይበላል" የሚለውን ስማ፤ ግን አትታለልበት።

የድሮ አጥማጆች የአየሩ ግፊት መውረድ ሲጀምር ዓሣ እንደ ተራበ ይበላል ይላሉ። ብዙዎቹ በዓይናቸው ያዩት ነው። የወቅቱ ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነው፤ የሳምንቱ ምርጥ ቀን የመጨረሻው ቀን ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰው ሄዷል፣ ሜዳው ባዶ ነው፣ ነፋሱም ገና ለስላሳ ነው፣ ጅራቶቹም ይታያሉ። በዚያ ሰዓት አእምሮህ አንድ ተጨማሪ ሙላት ብቻ ይልሃል። በዚያ ሰዓት የምትወስነው ውሳኔ ያንተ አይደለም፤ የዓሣው ነው። ስለዚህ ነው ቀድመህ ቤትህ ተቀምጠህ ወስን የምልህ።

11. ማዕበሉ ካለፈ በኋላ አትቸኩል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሄሪኬን ካለፈ በኋላ የቦዩ ምልክቶች ተነቅለዋል፣ አሸዋው ቦታውን ለውጧል፣ ከውኃው በታች ቆርቆሮና ምሰሶ ተጋድሟል። ውኃው ከየብስ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሏል። ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ሞቃትና ጨውነቱ የቀነሰ ውኃ ይወዳል፤ በቁስል በኩል ሲገባ ይገድላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኢያን የተባለው ሄሪኬን ካለፈ በኋላ በፍሎሪዳ ሕመምተኞቹ በዝተው ነበር። እግርህ ላይ ጭረት ካለ ውኃ ውስጥ አትግባ፤ የጉበት ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ወዳጅ ካለህ ደግሞ ይበልጥ አስጠንቅቀው።

ሜዳውም እንደ ሰው ማገገሚያ ጊዜ ይፈልጋል። በሴፕቴምበር 2019 ዶሪያን ባሃማስን መትቶ ግራንድ ባሃማ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ የሰውን ቤት ብቻ አላፈረሰም፤ ለትንንሽ ዓሣዎች መጠለያ የሆነውን ማንግሮቭም ገደለ። ቦንፊሽ ኤንድ ታርፐን ትረስት የተባለው ድርጅት ከባሃማስ ተቋማት ጋር ሆኖ ችግኝ መትከል ጀመረ። ከማዕበል በኋላ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ከሄድህ መጀመሪያ ስለ ዓሣው አትጠይቅ፤ ስለ ሰዎቹ ጠይቅ። ለጋይዱ ቀጠሮህን ከመሰረዝ ይልቅ ወደ ሌላ ወር አዛውርለት፤ ቀብዱንም እዚያው ተውለት። ቤቱን እያደሰ ያለ ሰው የሥራ ቀን እንዳለው ማወቁ ብዙ ነው።

12. ጋይዱ "እንመለስ" ካለ ለምን አትበለው።

ቀኑን የገዛኸው አንተ ብትሆንም ባሕሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞም እሱ አንተን ካደረሰ በኋላ ጀልባውን ማሰር፣ መስኮቱን መሸፈን፣ ቤተሰቡን ማውጣት አለበት። አንተ የምትለምነው ግማሽ ሰዓት ከእነዚህ ከአንዱ ይቀነሳል። ክሩን ጠቅልል፣ ሙሉ ዋጋውን ክፈል፣ ጉርሻም ጨምር፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትደውልለት ስምህን ያስታውሳል።

ምክሬ ይህ ነው። አሁን ስልክህን አስቀምጥና ወረቀት አውጣ። በምን ምልክት እንደምትመለስ ጻፍ፤ በየትኛው ሰዓት ከኪይስ እንደምትነሣ ጻፍ፤ የት እንደምታድርም ጻፍ። ከዚያ ወረቀቱን ለሚስትህ ስጣት። ምልክቱ ሲታይ "ዓሣው ገና እየበላ ነው" ብለህ ስትደውልላት፣ ወረቀቱን ታንብብልህ።